የልብ መድኃኒት ሲዋጥ፦ ቁጭ ብሎ፣ ቆሞ ወይስ ጋደም ብሎ?

የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ሰዓቱና ስለ መጠኑ በደንብ ይነገረዋል። ሲውጠው ቁጭ ይበል ወይስ ጋደም ይበል የሚለውን ግን የሚያነሳለት ጥቂት ነው። የሰውነት አቀማመጥ ለውጥ የሚያመጣው ሦስት ጊዜ ነው፦ ክኒኑ በጉሮሮ ሲወርድ፣ ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ፣ በመጨረሻም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሰውየው ከተኛበት ሲነሳ። ብዙ የሚወራው ስለ መካከለኛው ነው፤ «በቀኝ ጎንህ ተኛ፣ ቶሎ ይሠራል» የሚባለው። ጉዳት የሚመጣው ግን ይልቁንም ከፊተኛውና ከኋለኛው ነው።

እዚህ የተጻፈው ሐኪም ያዘዘውን መጠንም ሆነ ሰዓት አይለውጥም፤ አወሳሰዱን ብቻ ያስተካክላል።

ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር

የምግብ ቧንቧ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ባዶውን ሲሆን ግድግዳው እርስ በርሱ የሚገጥም ለስላሳ ቱቦ ነው። ቀና ብሎ በበቂ ውሃ የተዋጠ ክኒን በሰከንዶች ውስጥ ያልፈዋል። ጋደም ብሎ በአንድ ጉንጭ ውሃ የተዋጠው ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ብዙ ደቂቃ ሊቆይ፣ እዚያው መሟሟትም ሊጀምር ይችላል። ከሁሉ የባሰው የጄላቲን ካፕሱል ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ይይዛል። ማየት የፈለገ ሰው አንድ ካፕሱል በረጠቡ ሁለት ጣቶች ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ለመልቀቅ ይሞክር፤ አልላቀቅ ይለዋል።

የልብ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በግራ በኩል ያለው የልብ የላይኛው ክፍል የምግብ ቧንቧውን ታክኮ ነው የሚቀመጠው። በቫልቭ ችግር ወይም በልብ ድካም ምክንያት ይህ ክፍል ሲሰፋ ቧንቧውን ከፊት በኩል ይጫነዋል፤ ክኒን የሚያዝበት አንዱ ቦታ እዚያ ነው። የተያዘው ክኒን የፖታሲየም ክሎራይድ፣ የአስፒሪን ወይም ደም የሚያቀጥነው የዳቢጋትራን ከሆነ ሥጋውን ያቃጥላል፣ ያቆስላልም። ዳቢጋትራን ካፕሱሉ ውስጥ ታርታሪክ አሲድ አለበት፤ አሲዱ የተጨመረው መድኃኒቱ በደንብ እንዲሟሟ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ግን ያው አሲድ ነው።

በ1982 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት በ121 ሰዎች ላይ ስድስት ዓይነት ክኒኖችና ካፕሱሎች ሲወርዱ በራጅ ተከታትሎ ነበር። ያወጣው ምክር ዛሬም ይሠራል፦ ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዋጡ በኋላም ቢያንስ 90 ሰከንድ ቆሞ መቆየት።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦

1. ይቁሙ፣ ወይም ጀርባዎን አቅንተው ይቀመጡ። አልጋ ላይ ከሆኑ እግርዎን ወደ ወለል አውርደው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ። ትራስ ደርቦ ጋደም ማለት መቀመጥ አይደለም፤ ሆድ ይታጠፋል፣ ደረትም ወደ ኋላ ያዘነብላል።

2. ከክኒኑ በፊት አንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጡ። ደረቅ አፍና ደረቅ ጉሮሮ ክኒን ይይዛሉ፤ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው አፉ እንደሚደርቅ የታወቀ ነው።

3. ክኒኑን ምላስዎ መካከል ላይ ያድርጉ። ካፕሱል ከሆነ አንድ መካከለኛ ጉንጭ ውሃ ይያዙ፣ አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ያድርጉ፣ እንደዚያው እንዳሉ ይዋጡ። ብዙ ሰው ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የሚጥለው ከልማድ ነው፤ ለካፕሱል ግን ተቃራኒው ነው የሚረዳው። ካፕሱል ከውሃ ይቀልላል፤ አፍ ውስጥም ይንሳፈፋል። ጭንቅላት ወደ ኋላ ሲጣል ወደ ጥርስ ይመጣል፣ ወደ ፊት ሲደፋ ግን ወደ ጉሮሮ ይሄዳል።

4. ጠንካራ ክኒን ግን ይሰምጣል። አልዋጥ ካለዎት ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልተው፣ ክኒኑን ምላስዎ ላይ አድርገው፣ ከንፈርዎን የጠርሙሱ አፍ ላይ ግጥም አድርገው እየሳቡ ይዋጡ፤ ጠርሙሱ ሲጨማደድ በትክክል እየሠሩት ነው ማለት ነው። ይህንና የካፕሱሉን ዘዴ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ሞክረዋቸው አብዛኛው ሰው ቀልሎታል። ውሃ ትን የሚለው ሰው ግን የጠርሙሱን ዘዴ አይሞክረው።

5. አምስት ክኒን በአንድ እፍኝ አይዋጡ፤ አንድ በአንድ ይሁን። ሁሉም ካለፉ በኋላ ቀሪውን ውሃ ይጠጡ፤ ጠቅላላው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ።

6. ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ከላይ ለተጠቀሱት ለሚያቃጥሉት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። የማታ ክኒን የሚወሰደው ጥርስ ሲፋቅ እንጂ መብራት ጠፍቶ ብርድ ልብስ ከተገባ በኋላ አይደለም።

የልብ ድካም ኖሮባቸው በቀን ከ1.5 ወይም ከ2 ሊትር በላይ እንዳይጠጡ የተነገራቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥቡት የክኒኑን ውሃ ነው። የተሳሳተ ቁጠባ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ለሚውጥ ሰው የክኒኑ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ከተፈቀደው ላይ አስቀድሞ መቀነስና ከሌላው መጠጥ መቆጠብ ይሻላል።

ክኒኑ ተይዞ እንደሆነ የሚያስታውቀው ከደረት አጥንት ጀርባ የሚሰማ መወጠር፣ ሲውጡ የሚብስ ሕመም ወይም ማቃጠል ነው። ቀና ብለው ተጨማሪ ውሃ ይጠጡ፣ ለስላሳ ምግብ አንድ ጉርሻ ያስከትሉ፣ አይተኙ። ነገር ግን የልብ ሕመምተኛ ደረት ላይ የሚሰማ አዲስ ሕመም ሁሉ «ክኒኑ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ወይም መለየት ካቃተዎት እንደ ልብ ሕመም ይያዝ።

ጨጓራ ውስጥ፦ ቀኝና ግራ

አብዛኛው የሚዋጥ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ከጨጓራ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ጨጓራ እንደ ጎበጠ ከረጢት ነው፤ ሰፊው ጉልላቱ በግራ በኩል ከላይ፣ መውጫው ደግሞ በቀኝ በኩል ከታች ነው። በቀኝ ጎን የተኛ ሰው መውጫው ከታች ይሆንለታል፤ ክኒኑም በስበት ወደዚያው ይንከባለላል። በግራ ጎን ሲተኛ ግን ክኒኑ ጉልላቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ መውጫውም ከበላዩ ይሆናል።

የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ይህንን በኮምፒውተር በተሠራ የጨጓራ አምሳያ አስልተውት ነበር። በቀኝ ጎን ሲተኛ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ክኒን፣ ቀና ሲባል 23 ደቂቃ፣ በግራ ጎን ሲተኛ ደግሞ ከ100 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በጀርባ መተኛት ከቀና አቋም ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ስሌቱ የአምሳያ እንጂ የሕመምተኛ አይደለም። ይሁንና ሰው ላይ የተደረገ ሙከራም ወደዚያው ያመለክታል፦ በ1992 የወጣ ጥናት ቶሎ የሚሟሟ ኒፌዲፒን (የደም ግፊት መድኃኒት ነው) ለተሳታፊዎች ሰጥቶ ሲከታተል፣ በግራ ጎናቸው ሲተኙ መድኃኒቱ ወደ ደም የገባው ከቆሙበትና በቀኝ ጎናቸው ከተኙበት ጊዜ በዝግታ ነበር።

ታዲያ በቀኝ ጎን ይተኛ? ለአብዛኛው የየዕለት ክኒን መልሱ «ምንም አያስፈልግም» ነው። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ከተዋጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ በግማሽ ለመቀነስም ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ደም የሚያቀጥነው የዋርፋሪን ውጤት የሚለካው በቀናት ነው። ዲጎክሲን፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችና ቀስ ብለው እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ ክኒኖች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ጨጓራ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢዘገዩ ለውጡ አይታይም። ለእነዚህ ከጎን ይልቅ ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ልዩነቱ የሚታወቀው ቶሎ እንዲሠሩ በሚፈለጉት ላይ ነው። የልብ ምት ድንገት ሲዛባ ብቻ እንዲወሰዱ የሚታዘዙ፣ በኪስ የሚያዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ፍሌካይናይድና ፕሮፓፌኖን ከእነዚህ ናቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ሐኪም ባለበት ነው የሚደረገው። ከዚያ በኋላ በቤት የሚወስድ ሰው ክኒኑን ቀና ብሎ ይዋጥ፣ ምቱ እስኪስተካከል ወይም ከዋጠ በኋላ 4 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ ይረፍ። ጋደም ካለ ደግሞ በግራ ጎኑ ባይሆን ይሻላል።

ፍጥነት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። ካርቬዲሎል የተባለው የግፊትና የልብ ድካም መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወሰደው ሆን ተብሎ እንዲዘገይ፣ ሲነሱም እንዳያዞር ነው። «ግፊቴ ስለጨመረ ቶሎ ይውረድልኝ» ብሎ ክኒን ውጦ በቀኝ ጎን መተኛት እንዲያውም አደገኛ አስተሳሰብ ነው፤ ግፊት ድንገት ሲወርድ ልብና አንጎል ደም ያንሳቸዋል። ቃር ያለበት ሰው ደግሞ በቀኝ ጎን ሲተኛ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይቀለዋል፤ ለቃር የሚሻለው ግራው ነው። በሌላ በኩል የልብ ድካም ያለባቸው ብዙዎች በግራ ጎን ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ትንፋሹ በሚቀለው ይተኛ፤ ለክኒኑ ብሎ ጎን አይቀይር።

ምግብ ከጎን የበለጠ ይመዝናል። ስብ የበዛበት ምግብ ጨጓራን ለሰዓታት ያዘገያል። ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት መድኃኒት ከምግብ 1 ሰዓት በፊት የሚወሰደው ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ስለሚቀንስበት ነው። ደም የሚያቀጥነው የ15 እና የ20 ሚሊ ግራም ሪቫሮክሳባን ግን ከምግብ ጋር ካልሆነ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ያለውን የምግብ መመሪያ ሳያከብሩ ስለ ቀኝና ግራ መጨነቅ ዋናውን ትቶ ቅርንጫፍ መያዝ ነው።

የሚያሸና መድኃኒት

ፉሮሴማይድ የተባለው የሚያሸና መድኃኒት የተለየ ነገር አለው፤ እዚህ ላይ አቀማመጥ ወደ ደም ከመግባቱ ይልቅ ከገባ በኋላ ያለውን ሥራ ይነካል። በ1986 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ፣ የልብ ድካምና የጉበት ሕመምተኞች ላይ በቡሜታናይድ (እንደ ፉሮሴማይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት ነው) የተደረገ ጥናት፣ ቀና ሲሉ የሚወጣው ሽንትና ጨው ከተኙበት ጊዜ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ኩላሊት የሚደርሰው ይቀንሳል፣ ሰውነትም ጨው የሚያስቀሩ ሆርሞኖችን ያነቃል። መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ውጤቱ የሚለያየው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው። ክኒኑን ጠዋት ቀና ብለው ይዋጡ። የሚዋጥ ፉሮሴማይድ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ከዋጡ ግማሽ ሰዓት በኋላ እግርን ከፍ አድርጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ጋደም ማለት ይቻላል፤ ሽንት ቤቱ ቅርብ ይሁን እንጂ። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን ራስጌውን ከፍ ያድርግ፤ ጠፍጣፋ ብሎ መተኛት ለእሱ አይሆንም። ሁለተኛ መጠን ካለ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ይወሰድ፤ ማታ ከተወሰደ ሌሊት ሽንት ቤት ያመላልሳል፣ በጨለማ መውደቅም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ልብ ሲደክም የአንጀት ግድግዳም ያብጣል፤ ፉሮሴማይድም በዝግታ ይገባል። በየጠዋቱ ከሸኑ በኋላ፣ ከመብላት በፊት ይመዘኑ። ክብደት በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ለሐኪም የሚነገር ነው። ጎን በመቀየር የሚስተካከል አይደለም።

ምላስ ሥር የሚደረገው

ለልብ የደረት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን አይዋጥም። ከተዋጠ ጉበት አብዛኛውን ደም ውስጥ ሳይሠራ ያጠፋዋል። በምላስ ሥር ግን በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ ጨጓራና ጎን አይመለከቱትም። ሆኖም ስለ አቀማመጡ ከማንኛውም ክኒን ይልቅ እዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦

— ወዲያውኑ ይቀመጡ። ቆመው ከወሰዱት ግፊት ድንገት ወርዶ ሊጥልዎት ይችላል፤ ጠፍጣፋ ከተኙ ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛና ሥራውን ያከብድበታል።
— አፍዎ ደረቅ ከሆነ በአንድ ጉንጭ ውሃ ያርጥቡት። ክኒኑን ምላስ ሥር አድርገው እስኪሟሟ አይዋጡ፣ አያኝኩ።
— በ5 ደቂቃ ውስጥ ሕመሙ ካልለቀቀ ወይም ከባሰ አምቡላንስ ይጥሩ። እስኪደርስ ድረስ በ5 ደቂቃ ልዩነት መድገም ይቻላል፤ ጠቅላላው ከ3 አይበልጥም።
— ሕመሙ ቢለቅም ሳይቸኩሉ ይነሱ።

ባለፉት 24 ሰዓታት ሲልዴናፊል ወይም ባለፉት 48 ሰዓታት ታዳላፊል (ሁለቱም የወንዶች የብልት መቆም መድኃኒቶች ናቸው) የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን አይወስድም። ክኒኖቹን ከራሳቸው የመስታወት ጠርሙስ አውጥቶ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ያዳክማቸዋል።

የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ተጠርጥሮ የድንገተኛ አገልግሎቱ አስፒሪን እንዲወሰድ ካዘዘ 300 ሚሊ ግራሙ ይታኘካል፤ እንዲሁ አይዋጥም። ሕመምተኛው ወለል ላይ ጀርባውን ተደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጥ።

ከተኙበት ሲነሱ

ግፊት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ወይም መጠናቸው ሲጨምር መውደቅ የሚበዛው ጠዋት ከአልጋ ሲነሱና ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ነው። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ልማድ ያድናል፦ ተኝተው እንዳሉ ቁርጭምጭሚትዎን ደጋግመው ያጥፉና ይዘርጉ፣ ወደ ጎን ዞረው ይቀመጡ፣ እግርዎን አውርደው አንድ ደቂቃ ይቆዩ፣ አንድ ነገር ይዘው ይነሱ፣ ወዲያው አይራመዱ። ካዞረዎት ተመልሰው ይቀመጡ።

በቤት የግፊት መለኪያ ካለ እንዲህ ይፈተናል። 5 ደቂቃ ተኝተው ይለኩ። ተነስተው ከ1 ደቂቃ በኋላ፣ ደግመው ከ3 ደቂቃ በኋላ ይለኩ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ቁጥሮቹን ክኒኑ ከተዋጠበት ሰዓት ጋር ጽፈው ለሐኪም ያሳዩ። «ያዞረኛል» ከሚል ቃል ይልቅ እንዲህ ያለ ወረቀት ሰዓት ለማዛወር ወይም መጠን ለመቀነስ ይረዳዋል። መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ ግን አይሆንም፤ በተለይ ቤታ ብሎከር የሚባሉት ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶች ድንገት ሲቆሙ ፈጣን የልብ ምትና የደረት ሕመም ይመልሳሉ።

ለአስታማሚ

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ክኒን ሲሰጠው በብዛት የሚበላሸው አቀማመጡ ነው። ራስጌው ብቻ ከፍ ሲል ሕመምተኛው ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፣ ወገቡ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ራስጌ ይሳቡት፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ያድርጉ፣ ከዚያ ራስጌውን ከፍ ያድርጉ። የተቻለውን ያህል ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋ፣ ከ45 አይነስ። አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይሰበር ከጭንቅላቱ ጀርባ ትንሽ ትራስ ይግባና አገጩ ዝቅ ይበል። ውሃውን ከፊቱ ዝቅ ብለው ይስጡት፤ ቆመው ከላይ ከሰጡት ቀና ብሎ ለማየት አንገቱን ያነሳል፣ ትንታውም ከዚያ ይመጣል። ከዋጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆይ።

እንቅልፍ የተጫነው፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ድምፁ እንደ ረጠበ የሚለወጥ ሰው የመዋጥ ምርመራ እስኪደረግለት በአፉ ክኒን አይሰጠው።

መፍጨት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም የመድኃኒት ባለሙያ ሳይጠየቅ አይደረግ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ሲፈጭ የቀኑን ሙሉ መጠን በአንዴ ይለቃል። የዳቢጋትራን ካፕሱል ተከፍቶ ፍሬዎቹ ብቻ ቢወሰዱ ወደ ደም የሚገባው በ75 በመቶ ሊጨምር ይችላል፤ ለደም ማቅጠኛ ይህ የመድማት አደጋ ነው። በመመገቢያ ቱቦ የሚሰጥ ከሆነ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል፣ ቱቦው የት እንደሚያበቃም ይታወቅ፤ ሪቫሮክሳባን ከጨጓራ አልፎ አንጀት ውስጥ ቢፈስስ የሚገባው መጠን ይቀንሳል።

ስትሮክ አንድ ጎኑን ላደከመው ሰው ክኒኑን ጤነኛ በሆነው የአፉ በኩል ያድርጉለት። ሲጨርስ አፉን አስከፍተው ደካማውን ጉንጭ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ዋጠው የተባለው ክኒን ብዙ ጊዜ እዚያ ጉንጭና ድድ መካከል ተቀምጦ ይገኛል።